በሰው ቤት መሣሪያ የሚደረግ ምርምር፦ ስለ ዌብ ሰርቪስና ስለ ሥራ ፍሰት የቀረበ ሒስ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ስለ ሰዎች ኅብረት ነው። ዛሬ ግን ድር የሚለው ቃል ሌላ ትርጕም ጨምሮ በዓለም ዙሪያ ያሉትን ኮምፒዩተሮች የሚያገናኘው መረብ መጠሪያ ስለ ሆነ፣ ተረቱ ሳይታሰብ ለሳይንስ ሊቃውንት ሥራ ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል። በተለይም ባዮኢንፎርማቲክስ በሚባለው፣ ይኸውም የሕያዋንን መረጃ በኮምፒዩተር በሚመረምረው የጥናት ክፍል፣ በልዩ ልዩ አገር የተቀመጡትን መሣሪያዎች በድር አያይዞ አንድን ከባድ ጥያቄ ለመፍታት የተደረገው ሙከራ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ ሙከራ ምን እንደ ሠራ፣ የት ላይ እንደ ተሰናከለ፣ ለእኛ ለተማሪዎችም ምን ትምህርት እንደሚሰጥ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ አንድ አዲስ መሣሪያ ሲጻፍ፣ ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ወይ ምስጋና ወይ የአጠቃቀም መመሪያ ይሆናል። ሁለቱም ጥቅም አላቸው፤ ነገር ግን መሣሪያው በሚያስገኘው ዕውቀት ላይ ምን ያህል መተማመን እንደሚገባ አይነግሩንም። የእኛ ሐሳብ ባጭሩ የሚከተለው ነው። የሥራ ፍሰት የሚባለው ነገር ሁለት ጠባይ አለው። በአንድ ወገን መሣሪያ ነው፤ በሌላ ወገን ደግሞ ተመራማሪው ወደ ውጤቱ በምን መንገድ እንደ ደረሰ የሚናገር ምስክር ነው። መሣሪያው ማርጀቱ አይቀርም። ምስክሩ ግን ሊቆይ ይችላል፤ የሚቆየውም ሠሪው ገና ከመጀመሪያው አስቦበት እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ሀ. የችግሩ መነሻ

የሕያዋን መረጃ ባንድ ቤት አልተከማቸም። በአሜሪካ ብሔራዊ የባዮቴክኖሎጂ መረጃ ማዕከል አለ፤ በእንግሊዝ አገር ከካምብሪጅ አጠገብ በሂንክስተን የአውሮፓ ባዮኢንፎርማቲክስ ተቋም አለ፤ በጃፓንም በሕዋስ ውስጥ ጂኖችና ፕሮቲኖች እርስ በርሳቸው የሚሠሩባቸውን ጎዳናዎች የሚመዘግብ፣ ኬግ የተባለ የመረጃ ቋት ይገኛል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ የአሰያየም ልማድ አለው። አንዱ ጂን በአንደኛው ቤት በቁጥር ብቻ ይታወቃል፤ በሁለተኛው በፊደልና በቁጥር ይጻፋል፤ በሦስተኛው ደግሞ በሚያስገኘው ፕሮቲን መለያ ይፈለጋል።

የሚጠናው ጂን አንድ ብቻ ሲሆን ችግሩ አይሰማም። ተመራማሪው የጂኑን ፊደሎች ገልብጦ፣ በ1990 በወጣውና ብላስት በሚባለው የማመሳከሪያ ፕሮግራም ገጽ ላይ ይለጥፋል፤ መልሱን ያነባል፤ ያገኘውን ስም ይዞ ወደ ሌላው ቤት ይሄዳል። ጂኖቹ 300 ሲሆኑ ግን ይህ አሠራር ትዕግሥትን ይጨርሳል። ከድካሙም የባሰ ነገር አለ። ሰው ሲደክመው መምረጥ ይጀምራል፤ ስሙን የሚያውቀውን ጂን ያነሣል፣ የማያውቀውን ይጥላል፣ ምን እንደ ጣለም አይመዘግብም። ጽሑፉ ታትሞ ሲወጣ አንባቢ የሚያየው የተነሣውን ብቻ ነው።

ፕሮግራም መጻፍ የሚችሉት ሰዎች ከድካሙ ለመዳን አንድ ዘዴ ፈጥረው ነበር። ይኸውም ለሰው ዐይን ከተሠራው ገጽ ላይ ጽሑፉን የሚለቅም ፕሮግራም መጻፍ ነው። ነገር ግን የገጹ ባለቤት ሰንጠረዡን ከግራ ወደ ቀኝ ባዛወረው፣ ቀለሙን በለወጠው ቍጥር ለቃሚው ፕሮግራም ይሰናከላል።

በ2002 ሊንከን ስታይን የተባሉት ሊቅ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ ይህን ሁኔታ በጥንቱ የኢጣልያ የከተማ መንግሥታት መስለውታል። እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ሕግ፣ የራሱ ሚዛን፣ የራሱ አነጋገር እንደ ነበረው፣ የመረጃ ቤቶቹም እንዲሁ ናቸው ብለዋል። መድኃኒቱም ሁሉም ቤቶች የሚስማሙበትን የዌብ ሰርቪስ ሥርዓት አቁመው ወደ አንድነት መምጣት መሆኑን አስረድተዋል።

ምሳሌው ያማረ ነው፤ ችግሩንም በትክክል ያሳያል። በመድኃኒቱ ላይ ግን አንድ ጥያቄ እናነሣለን። ኢጣልያ በ1861 አንድ አገር ስትሆን የጋራ ሚዛን ብቻ ሳይሆን አንድ መንግሥትም አቁማለች። የመረጃ ቤቶች ግን የጋራ መንግሥት የላቸውም። የእያንዳንዱ በጀት ከሌላ ቦታ ይመጣል፤ የሚታዘዙትም በጀት ለሚሰጣቸው ነው። ያለ መንግሥት የቆመ ስምምነት እስከ መቼ ሊጸና ይችላል? ይህን ጥያቄ አንባቢ ለጥቂት ጊዜ በልቡ ይያዝልን።

ለ. የዌብ ሰርቪስና የሥራ ፍሰት ጠባይ

ተራው የድር ገጽ ለሰው ዐይን የተሠራ ሲሆን፣ ዌብ ሰርቪስ ግን ለፕሮግራም የተከፈተ በር ነው። ነገሩን በምናውቀው ልማድ ለማስረዳት ያህል፣ ገጽ ማለት ባለጉዳዩ ራሱ ሄዶ የሚጠይቅበት አዳራሽ ነው፤ ዌብ ሰርቪስ ደግሞ ደብዳቤ የያዘ መልእክተኛ የሚቀበል መስኮት ነው። ደብዳቤው በተወሰነው መልክ ከተጻፈ፣ መልሱም በተወሰነ መልክ ተጽፎ ይመለሳል። መልእክተኛው ስለማይደክም ያንኑ ጥያቄ 300 ጊዜ ቢጠይቅ አንዱንም አይዘልም።

የደብዳቤው አጻጻፍ ሁለት ዓይነት ሆኖ ቆይቷል። ቀደም ብሎ የተስፋፋው ሶፕ የሚባለው ነው። በዚህ ሥርዓት ጥያቄው ኤክስ ኤም ኤል በሚባለው ቋንቋ ተጽፎ፣ እንደ ፖስታ ባለ ነገር ታሽጎ ይላካል፤ አገልግሎቱ ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚመልስ የሚገልጽ ውል ደግሞ ለብቻው ይቀመጣል። ሁለተኛው ሬስት የሚባለው ሲሆን፣ በእርሱ ጥያቄው በአድራሻው ውስጥ ስለሚጻፍ አሠራሩ ቀላል ነው። ዛሬ ታላላቆቹ ቤቶች በብዛት የሚጠቀሙት በሁለተኛው ነው።

የሥራ ፍሰት ማለት እንግዲህ እነዚህን መስኮቶች በተራ ማያያዝ ነው። የመጀመሪያው መስኮት መልስ ለሁለተኛው ጥያቄ ይሆናል፤ የሁለተኛው መልስ ለሦስተኛው ጥያቄ ይሆናል፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ይህን የሚያደርጉ ፕሮግራሞች ብዙ ቢሆኑም፣ ለዚህ ሐሳብ ዋና አርማ የሆነው ታቨርና የተባለው ነው። ታቨርና በእንግሊዝ አገር ማይግሪድ በተባለው፣ የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲዋ ካሮል ጎብል በመሩት ሥራ ውስጥ የተወለደ ሲሆን፣ በ2004 በታተመ ጽሑፍ ለሊቃውንቱ ተዋወቀ። ተመራማሪው ሳጥኖችን በሥዕል እያቀመጠ በመስመር ያያይዛቸዋል፤ ፕሮግራሙም በየሳጥኑ ፈንታ ወደ ሩቁ ቤት መልእክተኛ ይልካል። ከዚያ በኋላ ሰዎች የሥራ ፍሰታቸውን እርስ በርሳቸው የሚለዋወጡበት ማይኤክስፐሪመንት በ2007፣ የመስኮቶቹ ማውጫ የሆነው ባዮካታሎግም በ2009 ተከፈቱ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ያልተመሰገነ አንድ ነገር አለ። የአንዱ ቤት መልስ ለሌላው ቤት ጥያቄ እንዲስማማ መልኩን የሚለውጡ ትንንሽ ፕሮግራሞች ያስፈልጋሉ። አናጢ በሁለት እንጨት መካከል ሽብልቅ እንደሚያገባ፣ እነዚህም በሁለት አገልግሎት መካከል የሚገቡ ሽብልቆች ናቸው። የሥራ ፍሰት ሥዕል ሲታይ ዐይን የሚያርፈው በታላላቆቹ ሳጥኖች ላይ ነው፤ ምርምሩ የሚጸናውና የሚወድቀው ግን ብዙ ጊዜ በሽብልቆቹ ነው። ለምን እንዲህ እንዳልን ከዚህ በታች ይታያል።

ሐ. የገንዲ ጥናት

ሒስ በሐሳብ ላይ ብቻ ሲንሳፈፍ ዋጋ ስለማይኖረው አንድ የታወቀ ሥራ እንምረጥ። ይኸውም በ2007 ፖል ፊሸርና ባልደረቦቻቸው «ኑክሌይክ አሲድስ ሪሰርች» በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ነው። ርእሰ ጉዳዩ እኛን በቀጥታ የሚነካ ነው፤ ስለ ገንዲ ነውና። ገንዲ ጸጸ በተባለችው የቆላ ዝንብ የሚተላለፍ የከብት በሽታ መሆኑን፣ በአገራችንም በአባይ፣ በዴዴሳ፣ በባሮና በግቤ ሸለቆዎች ገበሬውን በሬ እንዳያቆይ ያደረገ መሆኑን ማንም የሚያውቀው ነው። በምዕራብ አፍሪካ ኒዳማ የተባለው የከብት ዘር በሽታውን ሲችለው፣ ዘሩ ከቦረና የወጣው የኬንያው ቦራን ግን በቀላሉ ይሸነፋል። በላቦራቶሪ አይጦችም እንዲሁ ሲሆን፣ አንዳንዱ ዘር ይቋቋማል፣ አንዳንዱ ቶሎ ይሞታል። ይህን ልዩነት የሚያመጣው የትኛው ጂን ነው? የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የቤተ መጻሕፍት ጨዋታ ሳይሆን የገበሬ እርሻ ጉዳይ ነው።

ቀደም ሲል በአይጦች ላይ በተደረገ የማዳቀል ጥናት፣ ልዩነቱን ያመጣሉ የተባሉ ሦስት የክሮሞዞም ክፍሎች ተለይተው ነበር። ነገር ግን አንዱ ክፍል እጅግ ብዙ ጂኖችን ስለሚይዝ፣ ከመካከላቸው ተጠርጣሪውን መለየት አስቸጋሪ ነው። ፊሸርና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት እንዲህ ነው። አንደኛው የሥራ ፍሰት የክሮሞዞሙን ክፍል ወሰን ተቀብሎ፣ በዚያ ውስጥ ያሉትን ጂኖች ሁሉ ኤንሰምብል ከተባለው ቋት ያመጣል፤ ስማቸውን ወደ ሌሎች ቤቶች ስም ይለውጣል፤ በመጨረሻም ጂኖቹ የሚሠሩባቸውን ጎዳናዎች ከኬግ ይጠይቃል። ሁለተኛው የሥራ ፍሰት በበሽታው ጊዜ ሥራቸው ከፍ ወይም ዝቅ ያለውን ጂኖች፣ ማይክሮአሬይ በተባለው መለኪያ ከተገኘው ውጤት ተቀብሎ ይህንኑ ይደግማል። ሦስተኛው ሁለቱን ዝርዝሮች አስተያይቶ በሁለቱም ውስጥ የተገኙትን ጎዳናዎች ያወጣል።

በዚህ መንገድ በክሮሞዞም 17 ላይ ካለው ክፍል ዳክስ የተባለው፣ በሕዋስ ሞት ሥርዓት ውስጥ ድርሻ ያለው ጂን ዋና ተጠርጣሪ ሆኖ ቀረበ። በ2011 ደግሞ ኒዳማና ቦራን ከብቶችን መሠረት አድርጎ በአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት የታተመው ሰፊ ጥናት፣ በከብቶቹ ዘንድ ቲካም 1 እና ኤ አር ኤች ጋፕ 15 የተባሉትን ጂኖች ተጠርጣሪዎች አድርጎ አቀረበ። ተጠርጣሪ ማለት ግን የተፈረደበት ማለት እንዳልሆነ አንባቢ ልብ ይበል።

የዚህ ጥናት ታላቅ ዋጋ፣ በእኛ አስተያየት፣ ከዳክስ ይልቅ በአሠራሩ ላይ ነው። ደራስያኑ ሰው በእጁ ሲመርጥ ያለ በቂ ምክንያት ጂኖችን እንደሚጥል አመልክተው፣ ሁሉንም ጂን በአንድ ዐይን የሚያይ መንገድ አቅርበዋል። ከዚህም በላይ መንገዱን ጽፈው ለሌሎች ሰጥተዋል። አንድ ሰው ውጤቱን ባይቀበል፣ ይህን ሳጥን ለውጬ ልየው ለማለት ይችላል። ይህ ለሳይንስ ትልቅ እርምጃ ነው፤ እኛም የምንነቅፈው ይህን ካመሰገንን በኋላ ነው።

መ. ስንኩል ጎኑ

የመጀመሪያው ስንኩልነት መሣሪያው የሰው መሆኑ ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንደሚባለው፣ በተውሶ ጌጥ ያጌጠ ሰው ባለቤቱ በጠየቀ ጊዜ አውልቆ ይመልሳል። ኬግ በሐምሌ 2011 መረጃውን በጅምላ ለሚወስዱ ሰዎች ክፍያ መጠየቅ ጀመረ፤ በ2012 መጨረሻ ላይ ደግሞ የሶፕ መስኮቱን ዘግቶ በሬስት ተካው። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ በዚያ መስኮት በኩል ጎዳና የሚጠይቅ የሥራ ፍሰት ሁሉ፣ የገንዲው ጭምር፣ በመጀመሪያ በተጻፈበት መልኩ ሊሠራ አይችልም። የአሜሪካው ማዕከልም የሶፕ መስኮቱን በ2015 ዘጋ። ዩኒፕሮት የተባለው የፕሮቲን ቋትም በ2022 ገጹንና የመስኮቱን አሠራር ስለ ለወጠ፣ የቀድሞውን አድራሻ ይዘው የነበሩ ፕሮግራሞች መታደስ አስፈለጋቸው። ታቨርናም ራሱ በ2014 አፓቺ በተባለው ድርጅት ጥላ ሥር ገብቶ ከቆየ በኋላ በ2020 ሥራው እንዲያበቃ ተደርጓል።

ይህ ሁሉ የሆነው በማንም ክፋት አይደለም። መስኮት ከፍቶ ማቆየት ሠራተኛና ገንዘብ ይጠይቃል፤ አሠራሩም ሲሻሻል አሮጌው መዘጋቱ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከላይ በልብ ይያዝልን ያልነው ጥያቄ መልሱን ያገኘው እዚህ ላይ ነው። ያለ መንግሥት የቆመ ስምምነት የሚጸናው የእያንዳንዱ ቤት በጀትና ፈቃድ እስካለ ድረስ ነው።

የጉዳቱን መጠን የሚያሳይ ቁጥርም አለ። በ2012 ጁን ዣኦና ባልደረቦቻቸው ከማይኤክስፐሪመንት የወሰዷቸውን፣ ከ2007 እስከ 2012 የተቀመጡ 92 የታቨርና የሥራ ፍሰቶች ፈትነው ነበር። ወደ 80 በመቶ የሚጠጉት ወይ አልሠሩም፣ ወይ የቀድሞውን ውጤት አልሰጡም። ከውድቀቶቹ ግማሽ ያህሉ የመጡት ሌላ ሰው በሚያስተዳድረው አገልግሎት ወይም መረጃ ምክንያት ነው። ሌሎቹ ምክንያቶች የሙከራ መረጃ አለመቀመጡ፣ ፕሮግራሙ የሚሠራበት ሁኔታ አለመሟላቱ፣ መግለጫውም አለመበቃቱ ናቸው። እነዚህ የኋለኞቹ ሦስት ምክንያቶች ደግሞ በሩቁ ቤት ሊሳበቡ አይችሉም። ሠሪው ራሱ ቢጠነቀቅ የሚወገዱ ናቸው።

ሁለተኛው ስንኩልነት ከዚህ የረቀቀና፣ በእኛ ግምት፣ የከበደ ነው። የሥራ ፍሰቱ ሲሰበር ቢያንስ መሰበሩ ይታወቃል። ሳይሰበር ሲያጎድል ግን ማንም አያውቅም። ከላይ የጠቀስናቸው ሽብልቆች የጂንን ስም ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲለውጡ፣ በሁለተኛው ቤት አቻ ስም ያልተገኘለት ጂን ከዝርዝሩ ይወድቃል። ስሙ ተገኝቶለት እንኳ በኬግ ጎዳና ያልተመዘገበለት ጂን በሦስተኛው እርምጃ ላይ ይቀራል። እንዲህ የሚወድቁት ጂኖች በዘፈቀደ የሚወድቁ አይደሉም፤ ጥቂት የተጠኑት ናቸው። ስለዚህ ሰው ሲደክም የሚያውቀውን ጂን ያነሣል ብለን የነቀፍነው አድልዎ ከዚህም አልጠፋም። ከተመራማሪው ትከሻ ወርዶ ወደ ቋቱ ተዛውሯል፤ አሁን ደግሞ የማሽን ልብስ ስለ ለበሰ ያለ አድልዎ የተሠራ ይመስላል። በውጤቱ ሠንጠረዥ ላይ 40 ጂን የተመለከተ አንባቢ፣ ስንት ገብተው በየትኛው ሳጥን ስንት እንደ ወደቁ ካልተነገረው በቀር፣ ፍርድ ለመስጠት አይችልም።

ሦስተኛው የርቀት ጉዳይ ነው። ታላላቆቹ ቤቶች መስኮታቸው እንዳይጨናነቅ ሕግ አውጥተዋል። የአሜሪካው ማዕከል መለያ ቁልፍ ከሌለው ሰው በሴኮንድ ከ3 ጥያቄ በላይ አይቀበልም፤ ቁልፍ ላለው 10 ይፈቅዳል። ኤንሰምብልም በሬስት መስኮቱ በሴኮንድ 15 ጥያቄ ወስኗል። ሕጉ ተገቢ ነው፤ አንዱ ሰው ሁሉን እንዳይዘው ያደርጋል። ነገር ግን እነዚህን ወሰኖች ያላወቀ ተማሪ መልእክተኞቹን ያለ ዕረፍት ሲልክ በሩ ይዘጋበታል፤ የተዘጋበትንም ምክንያት ባለማወቁ ጥፋቱን በፕሮግራሙ ያሳብባል።

በአገራችን ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። በ2020 ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ሦስት ሳምንት ያህል የኢንተርኔት አገልግሎት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ እንደ ነበር እናስታውሳለን። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሥራው ሁሉ በሩቅ መስኮት ላይ የተንጠለጠለ ላቦራቶሪ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። መስኮቱ ለሁሉ እኩል የተከፈተ ቢሆንም፣ ወደ መስኮቱ የሚወስደው መንገድ ለሁሉ እኩል አይደለም።

ሠ. ስለ ቀረበው መፍትሔ

ይህን ያዩ ሊቃውንት መሣሪያውን ወደ ሩቅ ቤት ሄዶ ከመጠየቅ፣ ወደ ራስ ቤት ማምጣት ይሻላል ወደሚለው ሐሳብ አዘንብለዋል። በ2005 የተዋወቀው ጋላክሲ፣ በ2012 የወጣው ስኔክሜክ፣ በ2013 የጀመረው ኔክስትፍሎው የዚህ ወገን ናቸው። በ2013 ብቅ ያለው ዶከርም አንድን ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር በአንድ ሣጥን አሽጎ ለማጓጓዝ አስችሏል። እንደ ስንቅ ተሸክመው የሚሄዱት ስለ ሆነ፣ ሠሪው ቤት ቢዘጋ እንኳ የታሸገው ፕሮግራም በእጃችን ይቀራል።

አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው የዌብ ሰርቪስ ዘመን አልፏል ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም፤ ምክንያታችንም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፕሮግራሙ ሲታሸግ የመረጃ ቋቱ አብሮት አይታሸግም። ብላስትን በራስ ኮምፒዩተር ላይ መጫን ቀላል ነው፤ የሚያመሳክርበት ሙሉ የፕሮቲን ቋት ግን ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው፤ ከወር ወርም ያድጋል። ይህን አውርዶ ማስቀመጥ፣ መብራትና ዲስክ ማቅረብ፣ በየጊዜው ማደስ ለትንሽ ላቦራቶሪ ከባድ ሸክም ነው። ሁለተኛ፣ በየቤቱ የተቀመጠ ቅጂ ሳይታደስ ስለሚያረጅ፣ አንዱ ተመራማሪ የዘንድሮውን፣ ሌላው ከሦስት ዓመት በፊት የነበረውን ይዞ፣ ሁለቱ በአንድ ስም ስለ ሁለት ልዩ ነገር ሊከራከሩ ይችላሉ።

ስለዚህ ጥያቄው ዌብ ሰርቪስ ወይስ የራስ መሣሪያ የሚል ሊሆን አይገባም። ትክክለኛው ጥያቄ ከሥራው ውስጥ የትኛው ክፍል በተውሶ፣ የትኛው በራስ ገንዘብ ይሠራ የሚለው ነው። ትልቅ ቋት ለሚያስፈልገው ፍለጋ፣ በየጊዜው ለሚታደስ መረጃ፣ ወደ ሩቁ መስኮት መሄድ ተገቢ ነው። ስም ለሚለውጡ ሽብልቆች፣ ዝርዝር ለማስተያየት፣ ለስታቲስቲክስ ሒሳብ፣ ይኸውም ትንሽ ኮምፒዩተር ለሚበቃው ሥራ ሁሉ፣ ወደ ባሕር ማዶ መልእክተኛ መላክ ያለ ምክንያት ዕዳ መግባት ነው።

ረ. የተማሪው ተግባር

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ምክር ከባድ አይደለም። የሥራ ፍሰት የሚሠራ ተማሪ በመጀመሪያ ከእያንዳንዱ ሩቅ መስኮት የመጣውን መልስ እንዳለ በራሱ ዲስክ ላይ ያስቀምጥ። ነገ መስኮቱ ቢዘጋ፣ የትናንቱ መልስ ካለ የቀረውን መንገድ እንደገና መሄድ ይቻላል። ሁለተኛ፣ ጥያቄው የተላከበትን ቀንና የቋቱን የእትም ቁጥር ይጻፍ፤ «ከኤንሰምብል አመጣሁ» ማለት፣ እትሙ ካልተጠቀሰ፣ «ከገበያ ገዛሁ» እንደ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ በየሳጥኑ ስንት ገብቶ ስንት እንደ ወጣ ይቍጠር፤ የወደቁትንም ስም በሌላ ዝርዝር ያኑር። አራተኛ፣ መልሱ ከታወቀ አንድ ትንሽ ምሳሌ ከሥራ ፍሰቱ ጋር ያስቀምጥ፤ ለሌላ ሰው መሞከሪያ ይሆነዋል። አምስተኛ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ለምን እንደ ተደረገ በተራ ቋንቋ ይጻፍ። ሥዕሉ እንዴት እንደ ተሠራ ያሳያል፤ ለምን እንደ ተሠራ ግን አያሳይም።

ይህን ያደረገ ሰው፣ ታቨርና ቢቀር በሌላ ፕሮግራም ሥራውን ይቀጥላል፤ ሶፕ ቢዘጋ በሬስት ይጠይቃል። ምክንያቱም ሐሳቡ በመሣሪያው ውስጥ ተቀብሮ አልቀረም። የገንዲው ጥናት ዛሬም ለእኛ የሚጠቅመን በዚሁ ነው። መስኮቱ ተዘግቶም ቢሆን፣ ወሰኑን ተቀበል፣ ጂኖቹን አምጣ፣ ጎዳናቸውን ጠይቅ፣ ከማይክሮአሬይ ውጤት ጋር አስተያይ የሚለው ሐሳብ ተጽፎ ቀርቷል። ይህን መንገድ በሌሎች ከብቶች ላይ መሞከር የሚፈልግ የአገራችን ተማሪ ቢኖር፣ ለምሳሌ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ገንዲን ይችላል እየተባለ የሚነገርለትን የሸኮን ከብት ለመመርመር ቢያስብ፣ ከባዶ አይነሣም።

አንድ ውጤት ሳይንስ የሚባለው ሌላ ሰው ሊፈትነው ሲችል ነው። ሊደገም የማይችል የሥራ ፍሰት፣ ሥዕሉ የቱን ያህል ቢያምር፣ ምስክርነቱን ሰጥቶ እንደ ጠፋ ሰው ነው፤ መስቀለኛ ጥያቄ ሊቀርብለት አይችልም። በዚህም ጉዳይ የሚጎዳው ባለ ጽሑፉ ብቻ አይደለም። ለአንድ ተጠርጣሪ ጂን ተብሎ ዓመታት የሚፈጅ የከብት ማዳቀል ሥራ ሊጀመር ይችላል፤ ተጠርጣሪው የተገኘው ከዝርዝሩ ሌሎች ሳይታወቅ ስለ ወደቁ ብቻ ቢሆን፣ ኪሳራው በመጨረሻ የሚያርፈው በቆላው ገበሬ በረት ላይ ነው። ስለዚህ ከሩቅ ቤት መሣሪያ መዋስ ነውር የለውም፤ ከየት፣ መቼ፣ ስለ ምን እንደ ተዋስን፣ በመንገድም ምን እንደ ወደቀብን ጽፎ ማስቀመጥ ግን የተዋሹ ግዴታ ነው።